እናትነሽ ሌማቱን ዝጊ

እናትነሽ የመመረቂያ ጽሑፏን ጥራዝ በምላጭ ፈትታ ወረቀቱን አንድ በአንድ ለስካነሩ ታጎርሰዋለች።

“የቆየ ጽሑፍ በዓመተ ምሕረት ተራ አይደል እንዴ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው? የአንቺን ምን አስቀደመው?” አላት የኮምፒውተር ባለሙያው ትዕዛዙ።

“ቁጭት።”

“ተይ አንቺ! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።”

“እኔ አልጸለይሁም። የሚስለውን ነገ እናያለን።”

ከአሥር ዓመት በፊት በቡሬ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች በእግሯ ዞራ ሦስት መቶ ተረትና ምሳሌ ሰበሰበች። አማካሪዋ ዶክተር ዓለምብርሃን “እኔ ዘንድ ይቆይ” ብሎ ወሰደው። በዓመቱ በራሱ ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ጠፋ ተባለ፤ የእሷው ቅጂ ግን የኮሌጁ ማኅተም እንዳረፈበት ሣጥኗ ውስጥ ነበር። አልከሰሰችም። በዚያው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥራ ጠበቀች።

ዘንድሮ ኮሌጁ የምርምር ክፍል እንድታደራጅ አዘዛት። ኮምፒውተሮቹን መስኮት ዳር ደረደረች፤ መብራት ሲሄድ እንዳይጠፉ ባትሪ አስገጠመች። ጽሑፍን ከጽሑፍ የሚያመሳክር ፕሮግራምም አስጫነች። ያን ማንም አላዘዛትም።

የምርምር ክፍሉ በተመረቀበት ቀን ዶክተሩ፣ ዛሬ ምክትል ዲን፣ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብሏል።

“ፕሮግራሙን ላሳይ ነው፤ በማን ጽሑፍ ልጀምር፣ ዶክተር?” አለች እናትነሽ።

“በእኔ ነዋ! ከእኔ ማን ይቀድማል?”

ግድግዳው ላይ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ወጣ። በግራ የእሱ፣ በቀኝ የእሷ፣ ከነማኅተሙ ከነቀኑ። ከመቶው ዘጠና አራት እጁ አንድ ነው ተብሎ ቀልቷል።

ዶክተሩ ሳለ።

“ተረትና ምሳሌ የሕዝብ ነው። ሁለት ሰው ቢሰበስበው ምን ይገርማል?”

“እውነትዎን ነው። ይህችን ግን ከማን ሰሙ?” አንዷን መስመር አጎላቻት፦ “እናትነሽ ሌማቱን ዝጊ፣ ድመት ገብታለች።” በእሱ መጽሐፍ “እናት ነሽ” ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ፣ “እናት ቤቷን ትጠብቅ ማለት ነው” የሚል ፍቺ ተሰጥቶታል።

“ከአዴት ሽማግሌዎች።”

“አባቴ ነበር የሚለኝ፤ እጁ የማያርፍ እንግዳ ሲመጣ። እናትነሽ እኔ ነኝ፣ ዶክተር።”

“ድመቲቱስ?” አለ አንዱ መምህር ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እናትነሽ አልሳቀችም። የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነች፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ቅጂ።

የዶክተሩ መጽሐፍ በግንቦት ከመደርደሪያው ወረደ። የእሷ እስካሁን አልታተመም።