የከሰል ሻጯና የፀሐይ ምድጃዬ

በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ድሬዳዋ ተመደብኩ። የመሥሪያ ቤታችን ሥራ እንጨትና ከሰልን የሚተካ ምድጃ መፈለግ ነበር፤ ለእኔ የደረሰኝ የፀሐይ ምድጃ ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ ተርፎ ስለሚፈስ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ክፍል የተከራየሁት ግን ከአንዲት ሶማሌ እናት ግቢ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትኖረው ከሰል ሸጣ ነው። ግመል ጭኖ የሚያመጣውን ተቀብላ፣ በሯ ላይ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። እኔ ቀን ቀን ገበያዋን የሚዘጋ ነገር ስቀጠቅጥ እውልና ማታ እሷ ያበሰለችውን ሩዝ እበላለሁ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚባለው እንግዲህ እኔ ነኝ።

የግቢው ሰው ሁሉ ኤዶ ይላታል፤ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኔ እንደ አስተዳደጌ አንቱ ብላት ሳቀችብኝ።

«አቦ፣ አንቺ በለኝ! ድሬ ነው ያለኸው።»

ምድጃው ሳጥን ነው። ድርብ ግድግዳ ያለው የእንጨት ሳጥን፣ ውስጡ ጥቁር ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ድርብ መስታወት። መስታወቱን ከተጣለ የባቡር ፉርጎ መስኮት አገኘሁ። ሙቀት እንዳያመልጥ በግድግዳዎቹ መሀል የሚጠቀጠቅ ነገር ፍለጋ ሰጋቱራ ሞከርኩ፣ ገለባ ሞከርኩ፤ በመጨረሻ ከፋብሪካ የሚጣል የጥጥ ብጥስጣሽ ከሁሉም በለጠ። አሳሬን ያበላኝ ጥቁሩ ነበር። የገበያ ቀለም ሲግል ይሸታል፤ ሽታው ለሙከራ ያበሰልኩት ሩዝ ውስጥ ገባ። ኤዶ አንዴ ቀምሳ ለፍየሏ ሰጠችው፣ ፍየሏም አሽትታ ትታው ሄደች።

ያኔ ነው ከማዳበሪያዋ ሥር የቀረውን የከሰል ብናኝ በአሮጌ ሻሽ ነፍታ ያመጣችልኝ። «ጥቁር ከፈለግክ ይኸው ጥቁር» አለችኝ። በተልባ ዘይት ለውሼ ቆርቆሮውን ቀባሁትና እሳት ላይ አደረቅሁት። አልሸተተም፣ አልተላጠም፣ ፀሐዩንም ጥርግ አድርጎ ጠጣው። መዝለል የሚገባኝ ቀን ነበር፤ እኔ ግን አመሰግናለሁ ስላት ዓይኗን ማየት አቃተኝ። የእሷን መተዳደሪያ የሚያጠፋውን ነገር በእሷው ከሰል ቀብቼ መጨረሴ አንገበገበኝ።

ስለዚህ ነገርኳት። «ኤዶ፣ ይሄ ከተሳካ እኮ ከሰል የሚገዛሽ ሰው ይጠፋል።»

«ወላል» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ «ፀሐይ ትገባለች፤ ሰው ደግሞ ማታም ይበላል። አትፍራ።»

እኔም የማውቀው ነው፤ ሳጥኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቅም ያጣል። በዚህች ሰበብ ልቤን አሳርፌ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ምድጃው በቀበሌው ግቢ ለሕዝብ እንዲታይ ተወሰነ። ቀኑን አስቀድሜ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ደመና የማይኖርበትን ወር አስልቼ። ረመዳን እዚያው ላይ እንደሚውል ግን አላሰላሁም። ኤዶ በጾም አፏ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ በድሬ ፀሐይ ቆማ ልታበስል ነው። ሌላ ሴት ልፈልግ ብላት ተቆጣች። «ሌላዋ ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈተች ታበላሽብሃለች» ብላ ሻሿን አጠባብቃ ቀድማኝ ወጣች።

ረፋዱን ሙሉ ሳጥኑን ከፀሐይዋ ጋር እያዞረች ቆመች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ቀትር ላይ ክዳኑ ሲከፈት ከሩዙና ከፍየል ሥጋው እንፋሎት ገነፈለ፤ ባለሥልጣኖቹ ከበው በሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር አፉን እየጠረገ ጠየቃት።

«እናት፣ ጣዕሙ እንዴት ነው?»

«ጾመኛ ነኝ፣ ጓድ። እናንተ ንገሩኝ፤ ጨው አነሰው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በቀበሌያችን ከሰል የሚባል ነገር አያስፈልግም! ደን ጨራሾችን እናስወግዳለን!»

እጄን አወጣሁና ምድጃው ማታ እንደማይሠራ፣ ደመና ካለም እንደማያበስል፣ ያለንም ሳጥን ይኸው አንዱ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጓድ መሐንዲሳችን ትሑት ነው! አጨብጭቡለት!» ተጨበጨበ። ኤዶም አጨበጨበች፤ ከሁሉም አስበልጣ፣ ልጇ የተሸለመላት ይመስል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አብዮት ጠባቂዎች በየበሩ እየዞሩ የከሰል ማዳበሪያ ሰበሰቡ። እኔ ቢሮ ደርሼ ስመለስ ኤዶ በር ላይ የቀረው ጥቁር መሬት ብቻ ነው። እሷ ግቢው ውስጥ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

አዛን ሲሰማ በተምርና በውሃ አፈጠረች። ሾርባ የምታሞቅበት ፍም የላትም። ከቀትሩ የተረፈውን፣ የቀዘቀዘውን ሩዝ አቀረበችና እኔንም ጠራችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሩዙን ግን አልነካሁም። «ኤዶ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አንተ ምን አደረግክ? እነሱ ናቸው» አለችኝ፤ ቀጥላም እንደ ቀላል ነገር፣ «የማታውን ምድጃ መቼ ነው የምትሠራው?»

ያኔ እኔ የማውቀው ሳይንስ ሁሉ የለም፣ አይሆንም ይል ነበር። እሷ ግን ፊቴን እያየች ትጠብቃለች።

«ለዒድ ይደርሳል» አልኳት።

ፊቷ በራ። ወዲያው ተነሥታ በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን በሶማልኛ ተጣራች፤ ልጁ ማታ የሚያበስል ምድጃም ሊሠራልን ነው አለቻት። የዚያችም ሴት ከሰል ተወስዶ ነበር። እሷም ከወዲያ ሆና መረቀችኝ።