የሐያት ጣቶች በሐይቅና በአምባሰል

አርብ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመገናኛ በተነሳችው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ሌላ መሣሪያ የማይጫወት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሐያት ኪቦርድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መሐል ወንበር ላይ ተኝቷል። የዮናስ ትልቁ ባስ ከኋላ እስከ ሾፌሩ ትከሻ ድረስ ተጋድሟል። የቢኒያም ድራሞች ጣሪያ ላይ ታስረዋል፤ እሱ ራሱ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ ወስዶታል። ሦስቱ በፒያኖ፣ በባስና በድራም ጃዝ የሚጫወቱ ወጣቶች ናቸው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሙዚቃ ላይ ያለኝ ሥልጣን አርባ ዓመት መስማቴ ብቻ ነው።

ከእነሱ ጋር መንገድ ያስጀመረኝ የገዛ አፌ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ባቀረቡት ዝግጅት ላይ ሐያት አምባሰልን ተጫወተች። አምባሰል ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደው። እሷ ግን ጣቶቿን እንደ በረዶ አወረደችበት። ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔና የሙዚቃ ወዳጆቼ በር ላይ ቆመን መከራከር ጀመርን። አንዱ ወዳጄ፣ «በዚህ አገር እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም» አለ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጣት አየሁ፤ ሙዚቃ ግን አልሰማሁም» አልኩት። ዞር ስል ሐያት ከኋላዬ ቆማለች።

አልተቆጣችም። «ጋሽ መላኩ፣ በሚቀጥለው ወር ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ እንጫወታለን። የአባቴ አገር ነው። አብረውን ይምጡና እዚያ ሰው ፊት ይድገሙልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ልክ እንደሆንኩ የሐይቅ ሰው እንደሚመሰክርልኝ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

አርብ፦ ቁልቁለትና ክርክር

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ በእርምጃ ነበር የሚነዳው። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬታችንን አውልቀን ፓፓያ ገዛን። ቢኒያም የነቃው ከሚሴ ላይ፣ ግመሎች መንገድ ዘግተው ሲያቆሙን ነው።

ክርክሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «ፍጥነት ለዳኛ የሚቀርብ ነገር ነው። ዜማ ግን ለሰው ነው» አልኩ።

ሐያት መስኮቱን እያየች፣ «ጣቴን ያፈጠንኩት ለዳኛ አይደለም» አለች። «አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ማታ ማታ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥና 'እስቲ ያቺን የምትሮጠዋን' ይለኝ ነበር። ስሮጥለት ይስቃል። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እህቱ አክስቴ ዘሀራ አንድም ቀን ስጫወት ሰምታኝ አታውቅም። ነገ የምትሰማኝ እሷ ናት።»

ዮናስ ፓፓያውን ቆርጦ ለሁላችንም አደለና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው። ኮምቦልቻን አልፈን፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ቅዳሜ፦ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ከከተማው ወደ ውሃው የሚያወርደውን መንገድ በባጃጅ ሄድን። የባጃጁ ሾፌር ጌታቸው የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ ነው፤ የዮናስን ባስ አይቶ «ይኼ ዓሣ ከኛ ውሃ የወጣ አይመስለኝም» አለ።

የዘሀራ ምግብ ቤት ውሃው ዳር ነው። ከስድስት የማይበልጡ ጠረጴዛዎች፣ የቆርቆሮ ጥላ፣ በስተጀርባ የዘይት ጩኸት። ዘሀራ ስልሳን የተሻገረች፣ ረጅምና ደልዳላ ሴት ናት። ሐያትን አቅፋ ብዙ ጊዜ ሳትለቃት ቆየች። «ወላሂ፣ አፍንጫሽ የወንድሜ ነው» አለቻት። ከዚያ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ከነጭንቅላቱ ቀረበልን። አንዱ ዓሣ ለሌላ ደንበኛ አራት መቶ ብር ነው፤ ለእኛ ግን ዋጋ መጠየቅም ነውር ሆነ።

ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ክራር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አያ ይመር ይባላሉ። ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ተራራ ሥር ካለ መንደር ነው የመጡት። ዘሀራ በወጣትነቷ በየሠርጉ ስትዘፍን ክራር የሚመቱላት እሳቸው ነበሩ።

«አሁንም ይዘፍናሉ?» አልኳት።

«ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ትቼዋለሁ» አለችና ወደ ዘይቱ ተመለሰች።

ዝግጅቱ በዘጠኝ ሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተጀመረ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ኮፍያ ያደረጉ አባቶች። እኔ ከዘሀራና ከአያ ይመር አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ጌታቸው ባጃጁን አቁሞ ከኋላችን ቆመ።

ሐያት በአምባሰል ጀመረች። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ቀስ አለች። አንድ ድምፅ ትነካለች፤ እስኪጠፋ ትጠብቃለች፤ ሌላ ትጨምራለች። ያቺ እንደ በረዶ የምታወርደው ልጅ የለችም። ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ። ደረቴ ተነፋ። ይኼው ሙዚቃ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ ይሰማል። ግን አንዱ ያስላል፣ አንዷ ልጇን ታባብላለች፣ ሁለት መምህራን በሹክሹክታ ያወራሉ። ሲያበቃ ለእንግዳ የሚሰጥ ዓይነት ጭብጨባ ተጨበጨበ።

እረፍት ላይ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ዘሀራ ሐያትን ክንዷን ይዛ፣ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

«ደህና ነኝ አክስቴ።»

«ታዲያ እጅሽን ምን ያዘው? እንደ አዲስ ሙሽራ አቀርቅረሽ ዋልሽ። ወንድሜ እጇ ይበራል እያለ ነበር የሚያወራኝ።»

ሐያት ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሌሎቹም አዩኝ። ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ስለዚህ ተናገርኩ። «ቀስ ማለቷ ጥሩ ነው። ዜማው የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስትሮጥ ጣት እንጂ ሙዚቃ አልሰማሁም ብያታለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ።»

ጌታቸው ቀደመ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ግን እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።»

«ቀስ ማለቱስ ደግ ነበር» አለ ከመምህራኑ አንዱ። «ግን የሚጠበቅ ነገር የለውም። ዝም ትላለች፤ ዝምታው ውስጥ ምንም የለም።»

«መሮጥስ ቢሆን ለምን ይሮጣል? ሰው ቸኩሎ ያዝናል እንዴ?» አለች አንዲት ሴት። እሷ ከእኔ ወገን ነበረች፤ አመሰገንኳት። ሁለት ወገን ሆነን ድምፃችን ከፍ አለ። ፒያኖ በአካል አይተው የማያውቁ ሰዎች የእኔና የወዳጆቼን የዓመታት ሙግት ሲሟገቱ አየሁ፤ ያውም ከእኛ በተሻለ ትዕግሥት።

አያ ይመር እስኪበቃን ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ዘሀራ ስትዘፍን ሰምተው አያውቁም።»

«አላውቅም።»

«እሷ ግጥሙን ስትል እኔ ክራሩን ዳበስ ነው የማደርገው። ስንኙ አልቆ ትንፋሽ ስትወስድ ነው ጣቴ የሚሮጥ። ያን ጊዜ ካልሮጥኩ ዘፈኑ መሐሉ ላይ ይሞታል። ስትዘፍን ብሮጥ ደግሞ እሷ ትመታኛለች።» ሰው ሳቀ። ወደ ሐያት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ የማንን ቃል ነው የሚመልሰው? እሱን ንገሪኝ።»

ሐያት እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ማንም አልዘፈነልኝም።»

ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር ሐያት ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠችና ወደ ሕዝቡ ዞረች። «አምባሰልን እንደገና ልጫወተው እፈልጋለሁ። አክስቴ ካልዘፈነችልኝ ግን አልችልም።»

ዘሀራ አጠገቤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እንደማትነሳ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አልተነሳችምም። ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሆዷ ጀመረች፦

አምባሰል ላይ ወጥቼ ሐይቁን ባየው ባየው፣
ውሃው መች ጎደለ፣ የጎደለው ሰው ነው።

ድምፁ ሸካራ ነው፤ ዓመታት ያረፈ ድምፅ። የመጨረሻዋ ቃል አልቃ ትንፋሽ ስትወስድ የሐያት ቀኝ እጅ ተነሳ። ሮጠ። አዲስ አበባ ላይ ያጣጣልኩት ሩጫ ራሱ ነበር፤ ፍጥነቱም አልቀነሰም። አሁን ግን ከዘሀራ ቃል ተነስቶ ቁልቁል ወርዶ፣ ዘሀራ አፏን ስትከፍት ልክ በሰዓቱ ቆመ። ቢኒያም ከበሮውን በዱላ ፈንታ በቀጭን የሽቦ ብሩሽ ብቻ ይዳብሳል። ዘሀራ ያንኑ ስንኝ በሌላ አዟዟር ደገመችው፤ ጣቶቹ ሌላ መልስ ሰጧት። በሦስተኛው ላይ ሴቶቹ እልል አሉ። ጌታቸው ትከሻውን ይዞ መቆም አልቻለም።

እኔ አለቀስኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ በማላውቀው ሰው መሐል፣ መሐረብ እየፈለግሁ።

ሲያበቃ ወደ መድረኩ ሄጄ ቃሌን አነሳሁ። ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት ነበር ማንሳት ያለብኝ። «ተሳስቼ ነበር። ፍጥነቱ አልነበረም ጥፋቱ» አልኳት።

ላቧን እየጠረገች ሳቀች። «ግማሹን ልክ ነበሩ፤ ብቻዬን እያወራሁ ነበር» አለች።

እሑድ፦ አምባሰል

በማግሥቱ አያ ይመርን ይዘን ወደ ውጫሌ ወጣን። መንገዱ እየዞረ ይወጣል፤ በአንድ በኩል የማሽላ ማሳ፣ በሌላው ገደል። ከውጫሌ በኋላ መኪናው ቆመና ኪቦርዱንና ባሱን ተሸክመን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ዮናስ ባሱን በጀርባው አዝሎ ዳገት ሲወጣ ያዩ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው «አይዞህ!» ይሉታል። ከላይ የተራራው ግንብ የመሰለ ገደል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አያ ይመር በከዘራቸው ወደ ማዶ እያመለከቱ፣ «ግሸን በዚያ ነው» አሉን።

ከቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ኪቦርዱ ባትሪ ስላለው ሠራ። አያ ይመር ክራራቸውን ቃኝተው ከሐያት ጋር ድምፅ በድምፅ ማስተያየት ጀመሩ። ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ያንቺዋ ቀና ብላለች። የኛዋ ጎንበስ ትላለች።»

ሐያት ደጋግማ ነካችው። ልዩነቱ ፀጉር ያህል ነው፤ ከሰማሁት በኋላ ግን መርሳት አልቻልኩም። «ፒያኖ አይጎነበስም፤ የተሠራው እንደዚያ ነው» አለች። ከመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ የቆረጠች መሰለችኝ።

ዮናስ ውሃ እየጠጣ ነበር። ጆጉን አስቀመጠና ባሱን አነሳ። ባስ አንገቱ ላይ መከፋፈያ ስለሌለው ጣትን ትንሽ ማንሸራተት ይበቃዋል። ያቺን ድምፅ ፈለጋት፤ አለፋት፤ ተመለሰ፤ አገኛት። አያ ይመር ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እሷ ናት! ወላሂ እሷ ናት!»

ከዚያ በኋላ ሐያት ያቺን ድምፅ ለባሱ ተወችለት። እሷ ዙሪያውን ትሮጣለች፤ ቦታዋ ሲደርስ እጇን ታነሳለች፤ ዮናስ ጎንበስ ያደርጋታል። ቢኒያም ከበሮው መኪና ላይ ስለቀረ ጄሪካን ይመታል። ሦስት ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አርባ ዓመት ስሰማ ኖሬ የገባኝ እዚያ ደጅ ላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ፒያኒስቱን ነበር የማዳምጠው።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሰው በቆሎ እሸት ጠብሶ አመጣልን። ስንሰናበት አያ ይመር ሐያትን፣ «ኢንሻአላህ ትመለሻለሽ። ያኔ እኔ ልከተልሽ፣ አንቺ ቅደሚ» አሏት።

ሰኞ፦ ወደ ቤት

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ክርክር አልነበረም፤ ሦስቱ ስለ ሥራቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። አዲስ አበባ ስንገባ መብራት በርቷል፤ መገናኛ እንደተለመደው ተጨናንቋል።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሻንጣዬን ተቀብላ፣ «ታዲያ ማን ረታ?» አለችኝ።

«ዘሀራ» አልኳት። ዘሀራ ማን እንደሆነች እስክነግራት እራቱ ቀዘቀዘ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በቀላሉ ልናገር። ቀስ ያለ ሁሉ ጥልቅ፣ የፈጠነ ሁሉ ባዶ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ የምመዝነው ፍጥነቱን ነበር፤ ልክ አዲስ አበባ ላይ ያጨበጨቡት ሰዎች እንደመዘኑት። አያ ይመር ግን ጣቱ ለማን እንደሚመልስ ጠየቁ። ይህን ጥያቄ አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቄው አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ ገበያ ስትሄድ፣ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የሙዚቃ ሸክላ አወጣሁ። ከዓመታት በፊት ገዝቼ፣ ከግማሹ አቋርጬ፣ «ይኼስ የሩጫ ውድድር ነው» ብዬ የጣልኩት እንደ እነሐያት ሦስት ሆነው ጃዝ የሚጫወቱ ሰዎች ቅጂ ነው። አቧራውን ጠርጌ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ጊዜ ፒያኖውን ትቼ ባሱን ተከተልኩ። አንዳንዱ አሁንም አላሳመነኝም። ሦስተኛው ዜማ ላይ ግን ባሱ አንድ ነገር ጠየቀ፤ የፒያኖው ጣቶችም ያ ለዓመታት ያንገሸገሸኝን ሩጫ ሮጠው መለሱለት። መርፌውን አንስቼ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።