ወደ ግራ ያዘነበሉ ቀሚሶች

በቲያትር ትምህርት ቤቱ የልብስ ክፍል መስቀያ ላይ የተደረደሩት ስድስት ቀሚሶች በሙሉ ወደ ግራ ያዘነብሉ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ሰው ብረቱ የጎበጠ ይመስለዋል። የመድረክ አናጢው ሁለት ጊዜ መሰላል ላይ ወጥቶ አስተካክሎታል። በሦስተኛው ግን ተስፋ ቆርጦ፣ «ብረቱስ ጤነኛ ነው፤ የጠጡት ቀሚሶቹ ናቸው» ብሎ ወረደ።

የስድስቱም ሠሪ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከከንፈሯ ስፒል ስለማይጠፋ ጓደኞቿ «ስፒል» ይሏታል። አንደኛውን ቀሚስ የሰፋችው ኪዩቢዝም የተባለውን የሥዕል ስልት በተማሩበት ወር ነው፤ ፊቱም ጎኑም በአንድ ጊዜ እንዲታይ በማዕዘን በማዕዘን ተቆራርጧል። ሌላው የሕልም መሰሉ የሱሪያሊዝም ስልት ነው፤ ኪሶቹ በር፣ ቁልፎቹ ዓይን ሆነዋል። በየወሩ የሚያጠኑት ዘመን ይለወጣል፣ ጨርቁም ይለወጣል፤ የቀሚሶቹ ግራ ትከሻ ግን ሁልጊዜ ሁለት ጣት ዝቅ እንዳለ ነው። እሷ ብቻ አላየችውም።

ያየችው በመመረቂያ ሥራዋ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ከሞት ለተመለሰች ሴት፣ ስሜትን አጋንኖ በሚያሳየው የኤክስፕረሽኒዝም ስልት ቀሚስ እንድትሠራ ታዘዘች። ተዋናይቷ ለብሳ ግራ እጇን ብታነሳ ብብቱ ተተረተረ።

«ውይ እህቴ፣ የማንን ሬሳ ለክተሽ ነው የሰፋሽልኝ?» አለች ተዋናይቷ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ሆን ብዬ ነው» አለች ስፒል። «ኤክስፕረሽኒስቶቹስ ሰውን ያጣምሙት የለ?»

ተማሪዎቹ ከጀርባቸው «እትዬ መቀስ» የሚሏቸው አስተማሪዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «አውቀሽ ስታጣምሚው ጥበብ ነው። ሳታውቂ ሲጣመምብሽ ግን በሽታ ነው። እስቲ ቀጥ ያለ ሰፍተሽ አሳዪኝ። ለሐሙስ ካልደረሰ መድረክ አይወጣም፤ አንቺም ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ሰፋች። አዲሱም አዘነበለ። የለካችውን አየች፤ ልክ ነው። የንድፍ ወረቀቱም ልክ ነው። መቀሱ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ግን፣ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ክንዷን እንደሚመራው፣ እጇ የራሱን መንገድ ይይዛል። ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

ቀሚሱን ላሳደገቻት አክስቷ ወስዳ አሳየቻት። አክስቷ ልብስ ማጠፏን ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄ'ኮ የእናትሽ ትከሻ ነው።»

«የእማዬ?»

«በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ፣ አጥንቱ እንደተዛባ ቀረ። ታፍርበት ስለነበር ካንቺ በቀር ማንንም አታስለካም። በስድስት ዓመትሽ ወንበር ላይ ቆመሽ ስፒል ትሰኪላት አልነበር? ረሳሽው እንዴ?»

ረስታዋለች። በልጅነቷ የሞተችባትን እናቷን፣ ፊቷን እንኳ አታስታውስም፤ ፎቶግራፍም የለም። ምንም አልቀረልኝም ብላ ስትኖር፣ ለካ እናቷ ይህን ሁሉ ጊዜ መዳፏ ውስጥ ነበረች!

«ካስተካከልኩት እማዬ ትሄዳለች» አለች ስፒል።

«አንቺ ሞኝ፣ ከሄደች ስንት ዓመቷ! ይልቅ ዓመቱን ብትደግሚ ክፍያውን ተሸክሞ የሚጎብጠው የኔ ወገብ ነው» አለች አክስቷ። ቀጥላም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ረቡዕ ጠዋት ስፒል ተዋናይቷን አስቆመቻት። ሜትሩን አስቀምጣ ሁለት መዳፏን በተዋናይቷ ትከሻዎች ላይ ጫነች። ይሞቃሉ። ተዋናይቷ ማስቲካ ባኘከች ቁጥር ይንቀሳቀሳሉ።

«እየለካሽኝ ነው ወይስ እየባረክሽኝ?»

«ዝም በይ፤ እየተማርኩሽ ነው።»

ከዚያ ጨርቁን ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች። ግራው ጋ ስትደርስ ያ የለመደችው ጉተታ መጣ። «ይቅርታ እማዬ» አለችና ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው።

ሐሙስ ከሞት የተመለሰችው ሴት መድረክ ላይ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ቀሚሱ አብሯት ተነሣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ስፒል ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኗን ጨፍና እጇን በአየር ላይ አነሳች፣ ያን ዝቅ ያለ ትከሻ ፍለጋ። መዳፏ ያስታወሰው ግን የተዋናይቷን ቀጥ ያለ ትከሻ ነው። እንደገና ሞከረች። አሁንም የተዋናይቷ። እናቷ ከመዳፏ ወጥታ ሄዳለች።

«አለፍሽ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ መቀስ እየተቻኮሉ መጥተው። «ነይ ውጪ፣ ጭብጨባው ላንቺም ነው። ምነው ፊትሽ?»

«መጣሁ» አለች።

በጓሮው በር ወጣች። አስተማሪዋ ደፉ ላይ ቆመው ሲያዩዋት መንገዱን ተሻገረች። አውቶቡስ መጥቶ ቢቆምላትም አልገባችም፤ በእግሯ፣ በዝግታ፣ እየራቀች ሄደች።