ከቀሚሱ እጅ ይቀድማል

ደንበኞቿ እትዬ መቀስ የሚሏት ልብስ ሰፊ፣ መርፌ አውራ ጣቷን እንደወጋት ያወቀችው ነጩ ጨርቅ ላይ ደሟን ስታይ ነው። እሱና አጠገቡ ያሉት ሁለት ጣቶች ደንዝዘው ከርመዋል፤ እሷ ግን «ብርድ ነው» እያለች ታሻቸው ነበር።

ሐኪሙ የእጇን አንጓ መታ መታ ሲያደርገው ጣቶቿን ነዘራት።

«ነርቭዎ እዚህ ጋ ተጨቁኗል። ሌሊት መደገፊያ አስረው ይተኙ፤ ቀን እጅዎን ቶሎ ቶሎ ያሳርፉ። ካልተሻለዎት ይመለሱ።»

እልኸኛ ናትና አንዲት ቀን አላጎደለችም። ደንበኛ «ቀሚሴስ?» ብላ ስትነዘንዛት «ከቀሚስሽ እጄ ይቀድማል!» ትላታለች።

በሁለተኛው ወር መርፌው ያንኑ አውራ ጣቷን ወጋት። «ወይኔ ጣቴን!» ብላ ስትጮህ ልጇ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። እናት ጣቷን እየመጠጠች ትስቃለች።

«አመመኝ እኮ ልጄ፣ አመመኝ!»