የባና ቀለበት፣ የነጠላ ሽፋን

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ናትናኤል ከጎንደር አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ መጣ። ደባርቅ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ስልክ ይጠግናል፤ ዕቃ ሲገዛ ሳያስመርቀው አያድርም። እኔ ደጃፍ ላይ ገብስ አበጥራለሁ፤ እሱ ሻሼን ገፋ አድርጎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋው።

«አክስቴ፣ ቤዙን ስሚው እስቲ! ኦሪጅናል ነው።»

ሰማሁት። ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። «ዕዝሉ በዛ፤ አራራዩን ዋጠው» አልኩት። ልጁ ሳቀ፤ አሮጊት ያልሆነ ነገር ስትናገር የሚሳቀውን ሳቅ። እኔ ግን ጣቴ የማዳመጫውን ለስላሳ ቆዳ ሲነካ ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ፤ የባና ሽታ፣ የሰም ሽታ፣ ያልጋነሽ።

በደርግ ዘመን ነው። ቤታችን ዳባት ነበርና ለትምህርት ደባርቅ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ቤት ስል ደግሞ ሰው እንዳይመስለው፤ ጭቃው የተሰነጠቀ፣ ጉሙ ሳያንኳኳ የሚገባበት ክፍል ነው። ስንቄን በአውቶቡስ ይልኩልኛል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ቂጣ። የናትናኤል አባት ያኔ አስመራ ወታደር ነበር፤ ለዕረፍት ሲመጣ አንድ አሮጌ ቴፕ ከነጆሮ ማዳመጫው ሰጠኝ። የቴፑ ድምፅ ማጉያ ተቀዷል፤ ስለዚህ ያለ ማዳመጫ ጥቅም የለውም። የማዳመጫው ስፖንጅ ደግሞ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሮ አልቆ፣ ሁለት ጥቁር ፕላስቲክ ባዶውን ጆሮ ላይ ይጣበቃል። በዚያ ሲሰሙት ሰው ሁሉ በአፍንጫው የሚናገር ነው የሚመስለው።

ጆሮዬ አስቸጋሪ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ሴት ልጅ ዜማ ባትማርም ጓሮ ተቀምጦ ባቄላ መፈልፈል ግን አይከለከልም፤ እኔም ባቄላዬን እየፈለፈልኩ ከተማሪዎቻቸው ቀድሜ ስህተቱን እለይ ነበር። ግዕዙ ቀጥ ያለ፣ ዕዝሉ ከደረት የሚወጣ ከባድ፣ አራራዩ ቀጭንና አንጀት የሚበላ። ወንድሜ በቴፑ የአባቴን ዜማ ቀድቶልኝ ስለነበር የዚያን ማዳመጫ ጉድለት በሚገባ አውቀዋለሁ። አባቴ ካሴቱ ውስጥ ደረት አልነበራቸውም።

ያልጋነሽ የክፍል ጓደኛዬም የግድግዳ ጎረቤቴም ነበረች። ከወገራ ገጠር የመጣች የቤተ እስራኤል ልጅ፤ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ስትስቅ ግን የማታቆም። እናቴ «ከነሱ ልጅ ጋር ጆሮ ለጆሮ አትግጠሚ» ብላኛለች፤ የዘመኑ ክፉ ወሬ እናቴንም አልማራትም። የሷም እናት የኛን ሰው ከነኩ ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም፤ ያልጋነሽም አርብ አርብ አገሯ ስትገባ መጀመሪያ ወንዝ ትወርዳለች። እኔ የሷን ወጥ አልቀምስ፣ እሷ የኔን አትቀምስ። ቆሎ ግን ማንም አልከለከለንምና እሱን አብረን ጨረስነው። በሁለቱም እናቶች እንስቃለን፤ ሁለቱንም ግን እንፈራለን።

ለማዳመጫው መላ ያመጣችው እሷ ነች። «ሙሉ፣ ለየራሳችን ልብስ እንስፋለት» አለች። እኔ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ሰፋሁ። እሷ ከባና፣ ከዚያ በግ ጠጉር ከሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ቁራጭ አምጥታ ሰፋች። ተራዋ ሲደርስ የኔን ታወልቅና የሷን ታለብሳለች፤ ተራዬ ሲደርስ የሷን አውልቄ የኔን አለብሳለሁ። እንዲህ እየተቀባበልን ዓመቱ ተጋመሰ።

አንድ ቀን ያልጋነሽ ካሴት በጉያዋ ይዛ መጣች። ታላቅ ወንድሟ መኩሪያ ወደ ሱዳን ከወጣ ቆይቷል፤ ሞተ ሲባል፣ አለ ሲባል ከርሟል። ካሴቱን አንድ ነጋዴ ነው ያመጣው። ውስጡ ያለው ሰው «እኔ መኩሪያ ነኝ፤ ደርሻለሁ፤ ይህን ካሴት ያመጣላችሁን ሰው እመኑት፤ ክረምቱ ሲወጣ ተከተሉት» ይላል። ችግሩ እንዲህ እያሉ ሰው ከቤቱ አስወጥተው በረሃ ላይ የሚዘርፉ መኖራቸው ነው። አባቷ ቁርጡን ተናግረዋል፤ እናቱ ድምፁን ካወቁት ይሄዳሉ፤ ካላወቁት አይነቃነቁም። ጮክ ብሎ ማሰማት ደግሞ አይታሰብም፤ ግቢያችን ውስጥ የቀበሌ ሰው ይኖራል።

እናቷ እማማ ጥሩነሽ በገበያ ቀን ሸክላቸውን ሸጠው ወደ ክፍሏ ጎራ አሉ። ያልጋነሽ የራሷን የባና ልብስ አልብሳ አቀረበችላቸው። ጥቂት ሰሙና አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ይሄ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያጉተመትም ሰው ነው። ቃሉ እንኳ አይለይም።»

የኔን ነጠላ አልብሼ እኔ ሰማሁት። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ድምፁ ግን የሕፃን ልጅ ሆነ። ይህንኑ ስነግራቸው እማማ ጥሩነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ ሲናገር ደረቱ ነው የሚናገር። የሕፃን ከሆነማ የኔ አይደለም» ብለው እንባቸውን ሳያፈሱ ወጡ። ያልጋነሽ ግን ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

እኔ የዚያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። ባናው ዕዝል አለው፣ ቃል የለውም፤ ነጠላው ቃል አለው፣ ዕዝል የለውም። «ሁለቱን እናጋባቸው» አልኳት።

«እሱ ከሆነ እኮ እንሄዳለን» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

ቆሎውን በመሀላችን አደረግን። እንደሷ ያለ ጓደኛ ከዚያ በፊት አልነበረኝም፤ ከዚያም በኋላ አላገኘሁም። ግን አንዲት እናት ልጇን ሞቷል ብላ ልትቀመጥ ነው፤ ይህን እያየሁ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ?

በፀሐይ ላይ ባትሪ ድንጋይ እያሞቅን፣ ከትምህርት መልስ ሥራችን እሱ ሆነ። መጀመሪያ አጎዛ ሞከርን፤ ከማሳከኩ በቀር ጥቅም አልነበረውም። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያሉትን ስንጥቆች በሰም ደፈንን፤ ድምፁ ወፈር አለ። ባናውን፣ ሴቶች እንስራ ሲሸከሙ ራሳቸው ላይ እንደሚያደርጉት ማቶት ጠቅልለን ቀለበት ሰፋንና መሀሉን ክፍት ተውነው፤ ያኔ ጉተምተማው ቀረ። በቀለበቱ ላይ ነጠላውን አንድ ድርብ ብቻ ወጠርንበት። ማዳመጫው ራስ ላይ ላላ ሲልም በጨርቅ ገመድ አጠበቅነው። መለኪያዬ አባቴ ነበሩ፤ አንድ ነገር በለወጥን ቁጥር የሳቸውን ካሴት እሰማለሁ፣ «ገና ናቸው» እላለሁ፣ ያልጋነሽ ትስቃለች። በመጨረሻ አንድ ቀን አባቴ ከአጠገቤ ቆመው ያዜሙ መሰለኝና ዘወር ብዬ አየሁ። «ደረሱ!» አልኳት።

እማማ ጥሩነሽ እሑድ መጡ። የግቢው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጭር ብሏል። ማዳመጫውን አገላብጠው አዩና ጣታቸው ነጠላው ላይ ቆመ።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፣ እማማ። አጥቤዋለሁ።»

«ማጠቡንስ ታጥቧል…» አሉ። ያለ ነጠላው አይሆንም ለማለት አፌን ስከፍት፣ ሻሻቸውን ፈተው ማዳመጫውን ራሳቸው ደፉት። ቴፑን ከፈትኩ።

ገና ቃል ሳይጀምር፣ ሰውዬው ጉሮሮውን ሲጠርግ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ደስታ ሳይሆን ቁጣ ነበር የሚመስለው።

«ይሄ ልጅ ብርድ መቶታል! ደረቱን ይዞታል እኮ! እዚያ አገር ፌጦ የሚሰጠው ሰው የለም?»

«እማዬ፣ እሱ ነው?» አለች ያልጋነሽ።

«ሌላ ማን ይሆናል? አባቱም ሲያመው እንዲሁ ነው።»

ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። አገራቸው ሲደርሱ ቤት ሳይገቡ ወንዝ እንደወረዱ ያልጋነሽ ነግራኛለች። አልከፋኝም፤ ወንዝ እንደሚያስወርዳቸው እያወቁ ነው የሳሙኝ።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ዳባት ገባሁ። ስንለያይ ምንም አልተባባልንም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያኔ በአፍ አይነገርም። ቴፑን ከነማዳመጫው «ትንሽ ይቆይልኝ፣ እማዬ ደግማ ትስማው» ብላ ተቀብላኝ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ገብሱ ሲያሽት ስመለስ ክፍሏ ባዶ ነው። ቴፑ በሬ ሥር ተቀምጧል፤ ማዳመጫው ከኔ በር ላይ ባለው ምስማር ተንጠልጥሏል። የባናው ቀለበቶች ሁለቱም አሉ። ነጠላው ግን በአንዱ በኩል ብቻ ነው ያለው። የሌላኛው ስፌት በጥንቃቄ ተፈትቷል፤ ክሩ እንኳ አልተበጠሰም። በልብስ ለይተን ስንሰማ የኖርን ልጆች ነበርን፤ እሷ ግን የኔን ጆሮ የነካውን ጨርቅ ይዛ ሄደች።

ወገኖቿ ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል እስራኤል ናቸው። በዚያ መንገድ የቀረውም ብዙ ነው ይላሉ። የሷን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ናትናኤል ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ «እሺ አክስቴ፣ ቤዙን ቀንሼልሻለሁ፤ ምን ልክፈትልሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? የመኩሪያን ድምፅ፣ ዓይቼው የማላውቀውን ሰው፣ ጉሮሮ አጠራረጉን ሳይቀር ዛሬም አውቀዋለሁ። የአባቴ ካሴት አለኝ። ያልጋነሽ ስትስቅ አፏን በመዳፏ እንደምትሸፍን አስታውሳለሁ፤ ሳቋ ግን ከጆሮዬ ጠፍቷል። አሁን በር ላይ ቆማ ስሜን ብትጠራኝ ማን ነው የምል ይመስለኛል።

የዚያ ቴፕ መቅጃ ቁልፍ ቀይ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በኔና በሷ መሀል ተቀምጧል። አንድ ቀን እንኳ አልተጫንነውም።