ፍሬን ካይት ሲመርጥ

መኪና መንዳት ያስተምራል። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም፤ ሌላው ሁሉ «ፍሬን» ነው የሚለው። የሚያስተምርባት መኪና ለተማሪው ካላት ሌላ በእሱም በኩል አንድ ፍሬን አላት፤ እሱ ደግሞ ቀኝ እግሩን ከዚያች ፍሬን ላይ አንሥቶ አያውቅም። ተማሪው ድመቷን ገና ሳያያት እሱ ረግጧል። ድመቷ አጥር ላይ ተኝታም ከሆነ ረግጧል። ልማዱ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገብቷል፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊልም ሲያይ መኪና ከነፍ ብላ ከመጣች እግሩ ምንጣፉን ይደቁሳል። ምንጣፉም በዚያ በኩል ሳስቶ ወለሉ ሊታይ ምንም አልቀረው።

እንዲህ ያለውን ሰው ከነፋስ ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ ጦሱ የሚስቱ ምስጋና ነው። ሚስቱ መነጽር ቤት ትሠራለች። አንድ እሑድ እህቷ መጥታ፣ ባሏ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ እንዴት ነፍሷን እንዳስጨነቃት ስታማርር ዋለች። ፍሬን ወጥ ቤት ሆኖ ብርጭቆ ያጥባል።

«እኔስ ተመስገን ነው» አለች ሚስቱ። «ከእሱ ጋር ስኖር አንድ ቀን እንኳ ልቤ ድንግጥ ብሎ አያውቅም።»

ሴትየዋ ከልቧ ማመስገኗ ነበር። እሱ ግን ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ፀጉሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ሆዱ ወደ ፊት እየመጣ ባለበት ዕድሜ፣ የገዛ ሚስቱን ልብ አንዴም ሳያስደነግጥ መኖሩን ከወጥ ቤት ሆኖ ሰማ። ምስጋናውን እንደ ስድብ ቆጥሮ ሲያብሰለስለው አደረ።

በሳምንቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ሄዶ ካይት ለመማር ተመዘገበ። ካይት ማለት እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ፣ ጠርዙና ጎድኖቹ በአየር የሚነፉ፣ የሳሎን መጋረጃ የሚያስንቅ ጨርቅ ነው። ሰውየው እግሩን ጣውላ ላይ አጥልቆ ውሃው ላይ ይቆማል፤ ካይቱ ሰማይ ላይ ሆኖ በረጃጅም ገመዶች ይጎትተዋል። ገመዶቹ ከአንድ አጭር ዘንግ ጋር ይታሰራሉ፤ ዘንጉ ደግሞ ወገብ ላይ በታጠቁት መንጠቆ ላይ ይሰካል። ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። አስተማሪያችን ሁለት ዓመት ሙሉ የባሕር ውሃ ሲጠጣ ከረመና፣ በመጨረሻ ሳይወድቅ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ቻለ። ካይቱን የገዛው ከአንድ ጡረታ ከወጣ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጠባዩ ያረጀ በቅሎ የመሰለ፣ ማንንም የማያስቸግር ካይት ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ፍሪስታይል የሚሉትን አየ። በፍሪስታይል ሰውየው ዘንጉን ከወገቡ መንጠቆ ያላቅቅና በክንዱ ብቻ ይይዘዋል። በጣውላው ጠርዝ ውሃውን ጫን ብሎ ይነሣል፤ አየር ላይ እንዳለ ዘንጉን በጀርባው በኩል ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያቀብላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ሰው መጥቶ ያርፋል። ፍሬን ይህን በስልኩ ደጋግሞ ሲያይ ሰነበተ። ቀጥሎም ሳሎን ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ በጀርባው ማቀባበል ጀመረ። የመጀመሪያ ቀን የመብራቱን ክዳን ሰበረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ወገቤን እያፍታታሁ።»

«በመጥረጊያ?»

«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» አለ፤ ሐኪም ቤት ከሄደ ዘመን የለውም።

ለፍሪስታይል የሚሆን ካይት ሊገዛ የስፖርት ዕቃ መደብር የገባው በዚህ መንፈስ ነበር። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ክብደትዎን ይንገሩኝ» አለው። «ከዚያ የሚወጡበትን ነፋስ፤ ከዚያ ደግሞ ምን ያህል እንደሚችሉ።»

ፍሬን ዓይኑን በጨው አጥቦ የሠርጉን ቀን ክብደት ነገረው። ነፋሱን ሲጠየቅ «ጠንካራ ነው የምወደው» አለ። ችሎታውን ሲጠየቅ ደግሞ አፉን ሞልቶ አልመለሰም፤ ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ፣ መናገር የማይወድ ትልቅ ሰው መስሎ ፈገግ አለ። ይህች ፈገግታ ከሁለቱም ውሸት የከፋች ነበረች።

ሻጩ በሰማው ልክ አንዲት ትንሽ ካይት አወረደለት። ፍሬን አያት። ለእሱ ሳይሆን ለእህቱ ልጅ የምትሆን መሰለችው። ከኋላ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ቀይ ካይት ተሰቅሏል።

«እሱስ?»

«እሱ የውድድር ነው ጋሼ። ጉልበተኛ ነው፤ ዘንጉን ቢገፉለትም ኃይሉን አይቀንስልዎትም። ለለመደ ሰው እንጂ…»

«አውርደው» አለ ፍሬን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ ብቻ አይደለም።

ቀዩን ይዞ የወጣበት ቀን፣ በባሕሩ ዳርቻ ያለው ሻይ ቤት ዣንጥላዎቹን አጥፎ ያስቀመጠበት ቀን ነበር። ልብ ያለው ሰው የነፋሱን ብርታት ከዚያ ብቻ ይረዳ ነበር። ከርቀት ቢጫ የራስ ቁር ያደረገ አንድ ሰው በትንሽዬ ካይት ውሃው ላይ እየተነሣ፣ አየር ላይ እየዞረ፣ ዘንጉን በጀርባው እያቀበለ ያርፋል። «የእኔም ተራ ይደርሳል» አለ ፍሬን በልቡ። አንድ መንገደኛ ለምኖ የካይቱን ጫፍ አስያዘ፤ «ልቀቅ» አለ፤ ሰውየው ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፍሬን ራሱ ሲያወራ «እኔ የለሁበትም፤ ካይቱና ነፋሱ ተነጋግረው የጨረሱት ነው» ይላል። ጣውላውን ገና እግሩ ላይ አላጠለቀም። ካይቱ እንደተነሣ ብድግ አድርጎ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ በሆዱ ጣለው፤ ከውሃው እየጎተተ ወደ አሸዋው አወጣው፤ ከአሸዋው ወደ ሻይ ቤቱ ይዞት ገባ። የፕላስቲክ ወንበሮች ግራና ቀኝ ተበተኑ። ሻይ የሚጠጣ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውንም እግሩንም ከፍ አድርጎ አሳለፈው። ፍሬን በሥሩ ሲያልፍ «ይቅርታ አባቴ» አለ፤ አስተዳደጉ አልጠፋበትም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ካይት ለክፉ ቀን የሚሆን ቀይ መልቀቂያ አለው፤ ደረት ፊት ነው ያለው፤ ገፋ ቢያደርጉት የካይቱ ጉልበት እዚያው ይሞታል። ለተማሪዎቹ ሁሉ «ከመነሣታችሁ በፊት ማቆሚያው የት እንዳለ እወቁ» እያለ ጆሯቸውን የሚያደነቁረው ሰው፣ ማቆሚያውን የሚፈልገው በቀኝ እግሩ ነበር። እግሩ አሸዋውን እየረገጠ፣ እየረገጠ፣ ከውሃው ዳር እስከ ሻይ ቤቱ ቦይ አወጣ።

ባለ ቢጫ ቁሩ ሰው ካይቱን አሳርፎ፣ ሮጦ ደርሶ ላዩ ላይ ወደቀበትና ቀዩን መልቀቂያ ገፋው። ካይቱ እንደ እርጥብ አንሶላ ተዘረረ። የራስ ቁሩ ሲወልቅ ሴት ሆና ተገኘች። ሴትም ብቻ አይደለችም፤ የራሱ ተማሪ የሆነች አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግማ የወደቀች፣ አደባባይ ስትደርስ የከተማው መኪና ሁሉ ቤቱ እስኪገባ ቆማ የምትጠብቅ ሴት። ባለፈው ትምህርት «ዶክተር፣ ፍርሃትዎን ቤትዎ አስቀምጠው ይምጡ» ብሏት ነበር።

«መምህር?» አለች።

«ዶክተር» አለ እሱ፤ ከአፉ አሸዋ እያወጣ።

«ተጎዱ እንዴ?»

«ከስሜ በቀር ደኅና ነኝ።»

ወንበር አንሥታ አስቀመጠችው፤ ቀዩን ካይት ጠቅልላ አሸዋ ጫነችበት። ከዚያ ጥርስ እንደምትመረምር ሰው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ይሄንን ማን መረጠልዎት?»

«ራሴው።»

«ክብደትዎን ነግረዋቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«የስንት ዓመተ ምሕረቱን?»

ፍሬን ሆዱ ላይ የተለጠፈውን አሸዋ ያራግፍ ጀመር።

«መምህር፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ከመኪናዋ ሲወርዱ እኔ ከነመቀመጫዬ ወደ ላይ ከፍ እላለሁ።»

ይህን ያለችው በታላቅ አክብሮት ነው። ሊቀየም ፈለገ፤ ሳቁ ቀደመው። የተላጠ ሆዱን ይዞ እየሳቀ እውነቱን ነገራት፤ ክብደቱንም፣ ነፋሱንም፣ ያችን ፈገግታም።

«ሰው ለፍሪስታይል ካይት ሲመርጥ ጉልበቱን ያያል» አለች ሐኪሟ። «መታየት ያለበት ግን ገመዱ ነው። ከውሃው ከተነሡ በኋላ ገመዱ ለቅጽበት ላላ ማለት አለበት፤ ዘንጉን በጀርባ የሚያቀብሉት በዚያች ቅጽበት ነው። የእርስዎ ቀይም ያላላል፤ ግን የሚያላላው በደንብ መነሣት ለሚችል ሰው ነው። ለማይችል ሰው ክንድ መንቀያ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሰማይ ላይ ባለበት ረግቶ የሚቆይ፣ ዘንጉን ሲገፉለት ኃይሉን የሚጥል፣ ለስለስ ያለ ነው። ትልቅነቱ የሚለካው ደግሞ በነፋሱና በክብደትዎ ነው፤ በወንድነት አይደለም።»

ፍሬን ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን አላስችል አለው። «እዚህ እንዲህ የሚበሩ ሴት፣ አደባባይ ላይ ምን ነካዎት ታዲያ?»

ሐኪሟ የራስ ቁሯን በእጇ አገላበጠች። «እዚህ ስሳሳት ስሕተቴን ራሴ ነው የማየው። እዚያ ገና ሳልሳሳት እርስዎ ይረግጡታል። የት ላይ እንደምሳሳት እንኳ አላውቅም እኮ መምህር።»

አሸዋው ሆዱን ልጦት ነበር፤ ይህ ግን ከዚያ ይልቅ ለበለበው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ቅባት እየቀባችው ሁሉንም አወጣጣችው። መጥረጊያውን፣ ቀዩን ካይት፣ ወጥ ቤት ሆኖ የሰማውን።

«እኔ እኮ አመስግኜህ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህና ነው ሻይ ቤት አፍርሰህ የመጣኸው?» አለችና ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። ሳቋ ግን በጣቷ በኩል እየተንቀጠቀጠ ቁስሉ ላይ ይደርስ ነበር።

ካይቱን ሊቀይር ሲሄድ አብራው ሄደች። ሻጩ ቀዩን አገላብጦ፣ አሸዋውን አራግፎ ወደ ቦታው ሰቀለውና ጥያቄውን እንደ አዲስ ጀመረ። «ጋሼ፣ ክብደትዎ?» ፍሬን አፉን ሳይከፍት ሚስቱ መለሰች። «ችሎታዎስ?» አሁንም እሷ መለሰች፤ ባጭሩ። መካከለኛ የሆነ፣ ቀለሙ የሆስፒታል ግድግዳ የመሰለ አረንጓዴ ካይት ወረደለት። ፍሬን ቀለሙን አይቶ ፊቱ ቢጨልምም ምርጫው ይሄው ነበር፤ ተቀበለ።

በቀጣዩ የመንዳት ትምህርት ላይ ሁለቱንም እግሮቹን አጣምሮ ከመቀመጫው ሥር ከተታቸው። ላብ አጠመቀው። ሐኪሟ አደባባዩ ጋ ደረሰች፤ ቆመች፤ አሰበች፤ ገባች። መውጫው ጠፍቷት ደጋግማ ዞረች። ፍሬን ዓይኑን ጨፍኖ አብሮ ዞረ። ስትወጣ የሄዱበት መንገድ የፈለጉት አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ወጥታለች። ቀጥሎ የመጣውንም ፈተና አላለፈችም፤ አሁን ግን የወደቀችው ከመጠን በላይ ፈጥና በመንዳቷ ነበር።

አረንጓዴው ካይት ላይ ፍሬን ብዙ ወደቀ። በጎኑ ወደቀ፤ በጀርባው ወደቀ፤ አንድ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ በጆሮው ወደቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ረጋ ብሎ በሚነፍስበት ሰዓት፣ ዘንጉን ከመንጠቆው አላቀቀ፤ ውሃውን ጫን አለው፤ ተነሣ። ገመዱ ላላ። እጁ በጀርባው በኩል ዞሮ ሌላኛውን እጁን አገኘ፤ ዘንጉንም አቀበለው። ከዚያ በመቀመጫው ውሃው ላይ ተዘፈዘፈ፤ ግን ዘንጉ እጁ ላይ ነበር። ሐኪሟ ከሩቅ እጇን አነሣችለት። ሚስቱ ዳር ላይ ቆማ ስልኳን ይዛ ነበር፤ የቀረጸችው ግን አብዛኛው ሰማይ ነው።

ከውሃው ላይ የተነሣው የበርጩማ ቁመት ያህል ነው። መሥሪያ ቤት ሲያወራው የጠረጴዛ ያደርገዋል፤ ሚስቱ በተቀመጠችበት ግን ወደ በርጩማው ይመልሰዋል።