ባለ አስራ አምስት ቸርኬ በአሮጌው ኮሮላ ላይ

ሥራ የጀመርኩት ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በአባቴ ፋንታ ነው። አባቴ በጦሩ የትራንስፖርት ክፍል አስር አለቃ ነበር። ጦሩ ሲበተን ወገቡን ታሞ ቤት ዋለ። የጎሚስታው ባለቤት ጋሽ ቦሩ ሠራተኛ ቸግሯቸው ኖሮ ላኩበት። ሰኞ ጠዋት የአባቴን ቱታ እጅጌውን ጠቅልዬ ለበስኩና ሄድኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ጋሽ ቦሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አባትሽን ነበር የጠበቅኩት።»

«እሱ መነሳት አይችልም። እኔ መጥቻለሁ» አልኳቸው።

ሁለት የጎማ ማውለቂያ ሌቫና አንድ መዶሻ እግሬ ሥር ጣሉና ወደ አንድ የጭነት መኪና ጎማ አመለከቱኝ። የጭነት መኪና ቸርኬ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ነፋሱ ሳይወጣ ቀለበቱን የነካ ሰው ብረቱ ተፈናጥሮ ፊቱን ይለዋል። አባቴ ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። ስለዚህ ሌቫውን ትቼ ፒንሳ ፈለግኩ፤ ቫልቩን ፈታሁና ነፋሱ እስኪያልቅ ቁጭ አልኩ። ጎማ ሊያስጠግኑ የመጡት ሰዎች ገና ሳትጀምር ደከማት ብለው ሳቁ። ጋሽ ቦሩ አልሳቁም። ማታ ስወጣ ነገም እንድመጣ ነገሩኝ።

ሦስት ዓመት የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ ለጠፍኩ። ከዚያ ጎማ ማውለቅና መግጠም፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ የፍሬንና የመሪ ሥራ ተሰጠኝ። ከረዳትነት ወደ ሁለተኛ መካኒክነት ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከእኔ በኋላ የገቡ ወንዶች በአራት ዓመት ደርሰዋል። ይህን የምጽፈው ለሮሮ አይደለም፤ ስለሆነ ነው።

ከካምፕ የመጣ አንድ መኮንን የመኪናው ፍሬን በወንድ እንዲሠራለት ጠየቀ። ጋሽ ቦሩ የፍሬን ሥራ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት አሉት። መኮንኑ ሄደ፤ በሳምንቱ ተመለሰ። እኔም ሠራሁለት። ጋሽ ቦሩ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ኋላ የሆነውን ስነግራችሁ ይህንንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ኦቦ ጃተኒ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ወጥተው በከተማው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፈቱ። በሳምንት ሁለት ቀን ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭነው ወደ ፊልቱ ወይም ወደ አሬሮ አቅጣጫ ይወርዳሉ። የሚነዱት ሟች ወንድማቸው የተወላቸውን አሮጌ ኮሮላ ነው። ሰው ሁሉ ሸጠው ፒክአፕ እንዲገዙ ይመክራቸዋል። እሳቸው ግን ወንድሜ በእጁ ሰጥቶኛል ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም።

ኮሮላው ባለ አስራ ሦስት ኢንች ቸርኬ ነበር። ዝቅተኛ ነው። በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሆዱ ይፈጫል። በአንድ ዓመት የሞተሩን የዘይት ኮፓ ሦስት ጊዜ በየድ ዘጋሁላቸው። ሦስተኛው ጊዜ ዘይቱ መንገድ ላይ አልቆ ቀኑን ሙሉ ቆመው ዋሉ፤ በረዶው ቀለጠ፤ ክትባቱ ተበላሸ። ከብቱን ሰብስቦ ሲጠብቅ የዋለው ሰው መንጋውን ይዞ ተመለሰ። በዚያው ወር በዚያ መንደር ብዙ ከብት አለቀ። ኦቦ ጃተኒ ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩም፤ ጎማውን ነበር የሚያዩት።

በዚያ ላይ አስራ ሦስት ቁጥር ጎማ ከገበያ እየጠፋ ነበር። የሚመጣው አስራ አራትና አስራ አምስት ነው።

ቦሬ አጠገብ አንድ አዲስ ሞዴል ኮሮላ በጉም ተገልብጦ ቆርቆሮው እንዳልነበር ሆኖ ነበር። አራቱ ቸርኬዎች ግን ደህና ናቸው፤ ባለ አስራ አምስት፣ አሉሚኒየም። ኦቦ ጃተኒ አስጭነው አመጧቸውና ይገጥም እንደሆነ ጠየቁኝ። ለክቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

በካርቶን ላይ የአሮጌውን ቸርኬ የቡሎን ቀዳዳዎች አትሜ በአዲሱ ላይ አስቀመጥኩ። አራቱም ልክ መጡ። የመሃሉም ቀዳዳ ልክ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት በቸርኬው ጀርባ አጋድሜ እስከሚቀመጥበት ፊት ያለውን ጥልቀት በማስመሪያ ለካሁ፤ ከአሮጌው በጥቂት ሚሊ ብቻ ይለያል። ጎማው ሲገባ መኪናው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሁለት ሴንቲ ለአስፋልት ሰው ምንም አይደለም። የፊልቱን መንገድ ለሚያውቅ ግን የኮፓ መትረፍና መቀደድ ልዩነት ነው።

ጋሽ ቦሩ አልወደዱትም። መኪና ፋብሪካ እንዳወጣው ነው የሚነዳው አሉ።

«ፋብሪካው የፊልቱን መንገድ አላየም» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን አልከለከሉኝም።

ገጠምኩ። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው ከላዩ ያለውን የፓራፋንጎ የውስጥ ጠርዝ ይነካል። ጠርዙን በእንጨትና በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፣ በሞረድ አለሰለስኩት፣ ቀለም ቀባሁት። በጎማውና በሞላው መቀመጫ መካከል ትንሿ ጣቴ ታልፋለች። ቸርኬውን ከቡሎኑ ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች፣ ከአሮጌው የወጡትን፣ መልሼ አሰርኩ። ጥርሳቸው ልክ ነው፤ በደንብም ጠበቁ። ኦቦ ጃተኒ መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኮሮላውን በአይሱዙ አስጭነው ተመለሱ። ከከተማ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሲነዱ የፊት ግራው እግር ማንኳኳት ጀመረ። ቀስ ብለው ስለነበር አቆሙ። ወርደው ሲያዩ ሦስቱ ዳዶዎች ላልተዋል፤ የአራተኛው ቡሎን ተቆርጧል። በፍጥነት ቢሆን ኖሮ ጎማው ወጥቶ ይገለበጡ ነበር። የዚያን ቀንም ክትባት ተበላሸ።

ግቢው ውስጥ ስምንት ያህል ሰው ቆሟል። ጋሽ ቦሩ ሰው ሁሉ እየሰማ ነግሬሽ ነበር አሉኝ። ሰው ልትገድይ ነበር አሉኝ። የድሮውን ጎማ መልሼ እንዳስር፣ ከዚያ በኋላ ይህ ዓይነት ሥራ በግቢያቸው እንዳይሠራ አዘዙ። አንገቴን አልደፋሁም።

ኦቦ ጃተኒ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንታላ፣ ለምን እንደላላ ታውቂያለሽ? ካወቅሽ እነዳዋለሁ። ካላወቅሽ ይቅር።»

ኢንታላ ማለት በኦሮምኛ ልጄ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። አላውቅም አልኳቸው። እስከ ነገ ጠዋት እንዲጠብቁኝ ለመንኩ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ለመናገር የከበደኝ ቃል ያ «አላውቅም» ነው።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ የአንዱን ዳዶ ፊት ግራሶ ቀብቼ በአዲሱ ቸርኬ ላይ አጠበቅኩና ፈታሁት። ቸርኬው ላይ የታተመው ግራሶ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። የአሮጌው የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ እንደ ሾጣጣ ነው። የአዲሱ አሉሚኒየም ቸርኬ ቀዳዳ ግን ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው፤ የሚፈልገው ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ነው። የእኔ ዳዶ በጠርዙ ብቻ ነበር የነካው። እጅ ላይ ጠበቀ፤ መንገድ ላይ ላላ። የጥርሱን ልክ አይቼ የመቀመጫውን ሳላይ ቀረሁ።

ኦቦ ጃተኒ ሲመጡ ምልክቱን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቸርኬው እንዳልሆነ፣ ትክክለኛው ዳዶ ከተገኘ እንደሚይዝ ነገርኳቸው።

ጋሽ ቦሩም ሰምተዋል። እሳቸውም መጥተው ምልክቱን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ እውነትሽን ይሆናል፣ ግን በእኔ ግቢ አይሆንም አሉ። በእሳቸው በኩል ሰው ስለ ስማቸው የሚለውን ይፈሩ ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም።

«እንግዲያው ከግቢው ውጭ እሠራዋለሁ» አልኩ።

«ከወጣሽ መመለስ የለም።»

አስራ ስምንት ዓመት ከሠራሁበት ግቢ የመሣሪያ ሣጥኔን ተሸክሜ ወጣሁ። ቤት እናቴና ሁለት ልጆቼ አሉ። ባል የለኝም። መንገዱን ተሻግሬ አንድ ግራር ሥር ሣጥኑን አስቀመጥኩ፤ ከጋሽ ቦሩ በር ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት። ፈርቻለሁ። ግን ራቅ ያለ ቦታ ብፈልግ የሸሸሁ ይመስልብኝ ነበር።

ጠፍጣፋዎቹ ዳዶዎች ከሐዋሳ እስኪመጡ ስድስት ቀን ጠበቅን። በእነዚያ ቀናት ደንበኛ አልመጣልኝም። አንዳንዱ እያለፈ ጎማሽ ደህና ነው ወይ እያለ ያሾፍ ነበር። ዳዶዎቹ ሲመጡ የተቆረጠውን ቡሎን ቀየርኩ፤ እንደገና ግራሶ ቀብቼ ሞከርኩ። አሁን የታተመው ሰፊ ሙሉ ቀለበት ነው። አስሬ ጨረስኩና ከኦቦ ጃተኒ ጎን ተቀመጥኩ። ብቻዎትን አይሄዱም አልኳቸው።

በየሃያው ኪሎ ሜትር እየወረድኩ ዳዶዎቹን በቁልፍ ፈተንኩ። አንድም አልተንቀሳቀሰም። ባለፈው የላላበት ቦታ ስንደርስ ሁለቴ ፈተንኩ። ፊልቱ ስንገባ በረዶው ገና ጠጣር ነበር። ኦቦ ጃተኒ ሣጥኑን ከፍተው በእጃቸው ዳሰሱና ለብቻቸው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ከዚያ ዓመታዊ ምርመራው መጣ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ገና ከኮርስ የተመለሰ። ጎማው ሊብሬው ላይ ያለው አይደለም፣ አላሳልፍም አለ። ምን እንደሚያሰጋው ጠየቅኩት። ጎማው የመኪናውን አካል ሊነካ ይችላል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል አለኝ። ሁለቱም እውነተኛ ስጋት ነው። ተምሯል።

«ሁለቱም ይለካል። ና እንለካው» አልኩት።

መኪናው ላይ አምስት ሰው ጫንን። መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ወደፊትም ወደኋላም ነዳ፤ ከዚያ ደረቅ ወንዝ አሻገረው። ወርዶ ከሥር ገብቶ በእጁ ፈተሸ፤ አዲስ የተፋቀ ቦታ የለም። ቀጥለን በመንገዱ የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ቆጠርን። አስር ድንጋይ ስናልፍ መኪናው የቆጠረው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነበር። ስለዚህ ስድሳ ሲል እውነቱ ስድሳ አራት ነው። እኔ ቀድሜ ይህንኑ ጽፌ ከመሪው ጀርባ ለጥፌ ነበር። መርማሪው ወረቀቱን አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ መዝገቡ ላይ አሰፈረውና ፈረመ። ሌላ እንዳላመጣበት ግን አስጠነቀቀኝ።

ቸርኬውን የለወጥኩትን ሁለተኛ መኪና በሦስተኛው ወር ወሰድኩለት። እንደገና ለካን።

እምቢም ብዬ አውቃለሁ። አንድ የግመል ነጋዴ ቀዳዳው የማይገጥም ቸርኬ አምጥቶ ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስፍተሽ ግጠሚ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለጃተኒ የሠራሽውን ለእኔ ለምን ትከለክያለሽ ብሎ ተቆጣ። ያኛው ስለለካሁት ሆነ፣ ይህኛውም ስለለካሁት አይሆንም አልኩት። እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ጋሽ ቦሩ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ አንድም ቀን መንገዱን ተሻግረው አልመጡም። ጠዋት ጠዋት «ናጋ?» ብለን በኦሮምኛ ሰላም እንባባል ነበር፤ በዚያው እናበቃ ነበር። ሲሞቱ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልክ ነበሩ አልልም፤ ባለውለታዬ አይደሉም አልልም።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ፤ አራት ሠራተኛ ይሠራበታል፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የእኔን ሥራ ለምትሠሩ የምለው ይህ ነው። ትልቅ ቸርኬ በአሮጌ መኪና ላይ ከመግጠማችሁ በፊት የቡሎኑን ርቀት፣ የመሃሉን ቀዳዳ፣ ጥልቀቱንና የዳዶውን መቀመጫ ለኩ። ከአራቱ አንዱ ካልገጠመ ባለመኪናው ማንም ይሁን አትግጠሙ። አራቱም ከገጠሙ የሚከለክላችሁ ማንም ይሁን ግጠሙ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶውን እንደገና አጥብቁ።